ላም የታሰረበት ቦምብ

ሥራ በጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት ሜትር፣ ካሜራ፣ አንድ ጥንድ የጥጥ ጓንትና የዕቃ ማከማቻው ቁልፍ ነበር። ቦታው ወልቂጤ፣ ማዕረጌም ጀማሪ የቅርስ ባለሙያ። ኃላፊዬ አቶ ታምሩ በሩን ከፍተው «ግቢና ተዋወቂያቸው» ሲሉኝ ውስጥ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ግድግዳ የተደገፉ የቆዳ ጋሻዎች፣ የዛጉ ጦሮችና አንድ የተቀደደ ነጋሪት ነው። ምስጥ ጋሻዎቹን ከታች ጀምሯቸዋል። የመጀመሪያ ሥራዬ ከግድግዳው አርቄ እንጨት ላይ ማሳረፍ ሆነ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ጉራጊኛ አልሰማም ነበር። ቋንቋውን የለመድኩት ከቤት ቤት እየዞርኩ ነው። ቸሃ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለፎቶግራፍ ብለው የአባታቸውን ጋሻ በውሃ ሊያጥቡ ሲነሱ ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ። «ቆዳ ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል፤ በደረቅ ብሩሽ ይበቃል» አልኳቸው። «ታዲያ እንግዳ በአቧራ ይቀበሏል?» ብለው ተቆጡኝ። ብሩሹን ተቀብለው ግን ራሳቸው ጠረጉት።

አሁን የምነግራችሁ ከፍተኛ ባለሙያ ከሆንኩ በኋላ የገጠመኝን ነው። ያኔ ወልቂጤም ቡታጅራም በአንድ ዞን ሥር ነበሩ። መሥሪያ ቤታችን ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጅ አስቦ፣ እኔ በቡታጅራ ዙሪያ ያሉ ቤቶችን እንድመዘግብ ተላክሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ሸህ ነስሩ የሚባሉ ገበሬ «የአውሮፕላን ብረት» አላቸው ተባልኩ።

ሸህ ነስሩ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። «አሰላሙ አለይኩም። ግቢ ልጄ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሽ።» ከምሳ በኋላ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከእንሰቱ ዳር ወገብ የሚደርስ ብረት አፈር ውስጥ ተተክሏል። አንዲት ቀይ ላም ታስራበታለች። ገመዱ ዓመት ከዓመት ፈትጎ ብረቱን አብለጭልጮታል።

አረፍ ብዬ ሜትሬን ዘረጋሁ። ከላይ የሚታየው የቦምብ ጭራ ክንፍ ነው። ክንፉ ከላይ ከሆነ አፍንጫው ከታች ነው። ብረቱ አልተከፈተም፣ አልተቀደደም። ሜትሩ በእጄ ላይ ቀረ። በሥልጠና ላይ አንድ የጦር ሠራዊት ባለሙያ ያስተማሩን ትዝ አለኝ፤ ያልፈነዳ ቦምብ አያረጅም ነበር ያሉት።

በዚህ መሐል ሸህ ነስሩ ጥንካሬውን ሊያሳዩኝ በከዘራቸው ጓ! አደረጉት።

«ሸህ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይምቱት!»

ሳቁ። «እኔ እኮ ይህን እንደ ፈረስ እየጋለብኩ ነው ያደግሁት።»

የልጃቸው ሚስት ራሕማ ከኋላችን ቆማ ነበር። ባሏ አዲስ አበባ ይነግዳል፤ እሷና ልጆቿ ከአማቷ ጋር ናቸው። ፊቴን አይታ ወደ ጎን ጠራችኝ። «እትዬ የሺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጆቼ የሚጫወቱት እዚሁ ነው።»

«ይፈንዳ አይፈንዳ አላውቅም። ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ግን ማንም እንዳይጠጋው።»

ከአስፋልቱ ዳር ሆኜ ለአቶ ታምሩ ደወልኩ። ደስ አላቸው። «ለዐውደ ርእዩ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል! በፒካፑ ጭናችሁ አምጡት።»

«አልጭነውም፣ አቶ ታምሩ።»

«እንግዶች ተጠርተዋል እኮ፣ ወይዘሮ የሺ።»

«እንግዶቹ ናቸው እኮ ከጎኑ የሚቆሙት።»

 «እሺ፣ ባለሙያ አስልካለሁ። አንቺም ራቂ» አሉኝ።

ከሠራዊቱ የመጡት ቦምብ አምካኝ መቶ አለቃ ዙሪያውን በእጃቸው ቀስ እያሉ ቆፍረው አፍንጫውን ሲያዩ ተነሡ። «ሕይወት አለው» አሉ። በአሸዋ በተሞላ መኪና ሰው ወደሌለበት የድንጋይ ካባ ተወስዶ መፈንዳት አለበት።

ሸህ ነስሩ አሻፈረኝ አሉ። ከብረቱ አጠገብ አጎዛ አንጥፈው ተቀመጡ። «አባቴ ሳይነካው ኖሮ ሞተ። እኔ ላስነቅለው?»

መቶ አለቃው በትዕግሥት ቆሙ። እኔ ራቅ ካለው ዋርካ ሥር ሆኜ «ሸህ፣ እዚህ መጥተው ታሪኩን ይንገሩኝ። ብረቱ ይሂድም አይሂድ እርስዎ የሚሉት ይቀመጥ» አልኳቸው። ብዙ ቆይተው ተነሥተው መጡ። መቅረጫዬን ከፈትኩ። አማርኛ ሲያጥራቸው በመስቃንኛ ይቀጥላሉ፤ ራሕማ ትተረጉምልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ለለቅሶ ተሰብስቦ ሳለ አውሮፕላን መጣ። ሁሉም እንሰት ውስጥ ተኛ። የሸሁ አባት ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ እናታቸው ላያቸው ላይ ተኝታ በብብቷ ሥር ሲያዩ ብረቱ ከሰማይ ወረደ። መሬቱ ከዝናብ የራሰ ነበርና ጭቃው ዋጠው። ሳይፈነዳ ቀረ። ቤተሰቡ በየዓመቱ እዚያው ዱዓ ያደርጋል፣ ጎረቤት ያበላል። «ሌላው ሰው የገደለውን ብረት ያሳያል» አሉ ሸሁ፤ «የኛ ያልገደለን ነው።»

ያን ሲሉ የሚነቀለው ብረት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

የመለሰችላቸው ራሕማ ናት። ድምፅዋን ሳታነሣ «አባ፣ እናንተን አላህ በጭቃ ጠበቃችሁ። ለልጆቼ ደግሞ እነዚህን ሰዎች ልኳል። ጭቃውን ተቀብላችሁ እነዚህን ትመልሳላችሁ?» አለች።

ሸህ ነስሩ አቀረቀሩ። ከዚያ ሄደው የላሚቱን ገመድ ፈቱ።

እስኪወሰድ ድረስ ከርቀት በየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ሲወሰድም ባዶውን ጉድጓድ አነሣሁ፣ በንድፍም ሣልኩ። መንደሩ ሁሉ ራቅ ብሎ ተሰበሰበ። ከካባው በኩል ድምፁ ሲመጣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ወፎች ከዋርካው ተነሡ፤ ልጆች አለቀሱ። ሸህ ነስሩ እጄን ጨብጠው ይዘው ነበር።

«አባቴ ያጋንናል እል ነበር» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ። ይገድላቸው ነበር ለካ።»

ዐውደ ርእዩ ላይ የጉድጓዱ ፎቶግራፍ ተሰቀለ፤ ከሥሩ የሸሁ ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ እንግዳ «ብረቱስ?» ብሎ ያልፋል። ሸህ ነስሩ ከራሕማ ጋር መጥተው የራሳቸውን ድምፅ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። አቶ ታምሩ ወንበር አመጡላቸው፤ አልተቀመጡም።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። የጦርነት ብረት ካገኛችሁ አትንኩ፣ አታስነኩ፣ ባለሙያ ጥሩ። ብረቱ ሊጠፋ ይችላል። የባለቤቱን ቃል ግን በሕይወት ሳለ ቅረጹ።