ሊማሊሞን የወረደው ፍላሽ

የእኔን መድኃኒት የያዘው አውቶቡስ አሁን ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን እየወረደ ነው።

ጠዋት ፕሮግራሜን ልገነባ ስል ኮምፒውተሬ፣ «ፓይተን አለ፤ የዴቨሎፕመንት ፋይሎቹ ግን አልተገኙም» ብሎ ቆመ። የፕሮግራም ቋንቋው ተጭኗል፤ ሌላ ፕሮግራም ከእሱ ጋር የሚያያይዙት ፋይሎች ግን የሉም። ኢንተርኔቱም እንደ ልማዱ ጠፍቷል።

ዳባት ያለው የክፍል ጓደኛዬ ደወለ። «የእኔ ፕሮግራም ሳያንገራግር አለፈ። ያንተስ?»

አንጀቴ አረረ። «የእኔማ ትናንት አልፏል» አልኩት።

«ተመስገን። ፋይሎቹን በፍላሽ አድርጌ በአውቶቡስ ሾፌር ልልክልህ ነበር። ካለፈልህማ አዲ አርቃይ ላለው፣ ፋይሎቹ ለጎደሉት ልጅ ይድረሰው።»

አውቶቡሱ በእኛ በደባርቅ መናኸሪያ ሲያልፍ ሾፌሩን እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት። እሱም ክላክስ አደረገልኝ።

እስቲ እናንተንስ ቅናት ምን አሳጥቷችሁ ያውቃል? ብቻዬን አልረር።