የእትዬ አስካለ ቅርንጫፍ

ዛሬ ጠዋት አዲሷ ጎረቤቴ በረንዳዬ ላይ ካለው ባለቀይ ቅጠል ተክል አንድ ቅርንጫፍ ለመነችኝ። ስቀነጥሰው የወጣው ሽታ አማን ከተማ ወዳለው የእናቴ በረንዳ መለሰኝ።

እናቴ ቀይ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ታሳድግ ነበር። እኛ ሰፈር የሚተከል ነገር ለምኖ የመጣን ሰው መከልከል ነውር ስለሆነ እሷም አትከለክልም። ቀንጥሳ ጓዳ ትገባለች፤ ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልልና «ለእትዬ አስካለ አድርሺ» ትለኛለች።

ልጅ ያልወለዱት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባሬን ይስሙኛል። በሦስተኛው ጊዜ ቀድሞ ያደረስኩላቸውን፣ የጠቆረውን ግንድ ከአፈሩ ነቅለው አሳዩኝ።

«እጄ ነው፣ ልጄ። ማህፀኔም እንደ እጄ ነው» አሉ።

ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ሳቀች።

«ሌላውን ወስዳለች፤ ቅጠሉ እንኳ ይቅርልኝ» አለች።

አባቴ የት እንደሚያመሽ ያኔ አላውቅም ነበር።

አዲሷ ጎረቤቴ ግን ምንም አልበደለችኝም። በሩ ላይ ቆማ እየመረቀችኝ ነው። ጓዳ የጣድኩት ውሃ ፈልቷል።