ለሀያት ያላሳየኋት የሻርፕ ማያያዣ

ትናንት ከክላስ ስወጣ የማስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር... ስለ ሀያት።

ሀያት እዚህ ሪያድ ዩኒቨርሲቲ አብራኝ ዶርም የምትኖር የወሎ ልጅ ናት። ፎቃችን ላይ ከእኛ ሌላ ሐበሻ የለም። እና ካኮረፈችኝ ሰንብታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ፈጠራ ትምህርት ፕሮጀክት፣ ሻርፕ ያለ መርፌ የሚይዝ ማያያዣ እየሠራሁ ነው። እናቴ ደግሞ በስልክ «ሳያልቅ ለማንም እንዳታሳዪ፣ ዓይን ይበላዋል» ብላኛለች። ሀያት ስትገባ ትራስ ሥር እከተዋለሁ። አንድ ቀን ስደብቅ ደረሰችብኝ።

«እኔን ቡዳ አደረግሽኝ?» አለች። በቃ... ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ እንኳ በግድ ነው።

ትናንት ታዲያ ትምህርቱ ስለ ፈጠራ ባለቤትነት መብት ሆነ። የምታስተምረን ዶክተር ኮስታራ ሳዑዲያዊት ናት። ገና ከመግባቷ «ሥራዋን ለሰው ያሳየች አለች?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ሶሻል ሚዲያ ላይ ለጥፈውታላ!

«አደባባይ የወጣን ነገር አዲስ ነው ብሎ ማስመዝገብ ጣጣ አለው» ስትላቸው ሁሉም እጃቸውን አወረዱ። እጄን ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«አንቺን ማን መከረሽ?»

«እናቴ።»

«ሕግ ተምራለች?»

«አይ... ዓይን ትፈራለች።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ዶክተሯ ግን «የእኔም እናት እንደዚያው ናት» አለችና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ሥራሽን የምታሳዪው ሰው ምስጢሩን ላያወጣ ይፈርምበታል፣ ከዚያ ሳትፈሪ ታሳዪዋለሽ አለችኝ። ሌሎቹ ባለሀብት ሊያስፈርሙ ያስባሉ፤ እኔ እግሬ ወደ ዶርም።

ወረቀቱንና ማያያዣውን ሀያት አልጋ ላይ አስቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው? ቡዳ አለመሆኔን ነው የምፈርመው?»

«ወላሂ ሀያትዬ፣ ከሰው ሁሉ በፊት አንቺ እንድታዪው ብዬ ነው።»

እስክሪብቶ አንስታ ፈረመች። ማያያዣውን ሻርፗ ላይ አድርጋ ራሷን ግራ ቀኝ ወዘወዘች። ሻርፑ ንቅንቅ አላለም።

«ማሻአላህ!» አለች፣ ዓይን እንዳይነካው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ። «ይህችንም ወረቀቱ ላይ ጻፊያት። ኋላ ቢሰበር በእኔ እንዳታላክኪ!»

የመብቱ ነገር ገና ነው... እራት ግን በአንድ ሳህን በላን።