በተጋጣሚዎቻችን አውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር

ከመራዊ የተነሣሁት እሑድ ጧት ነው። ጉዳዬ አንድ ብቻ ነበር፤ የባሕር ዳር ቡድናችን ከደብረ ማርቆሱ ጋር ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ይጋጠማል። ልብስ ሰፊ ነኝ። መራዊ ሱቅ ብከፍትም ልቤ ተወልጄ ባደግሁበት በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ቀርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ክር ልገዛ ብዬ እሄድና የቡድኑን ልምምድ ሳይ እውላለሁ። ሚስቴ፣ "ይህ ክር መቼም አያልቅ!" ትለኛለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀቴን ይዘው፣ "ለኳስ ብለህ ከስብሰባ ትቀራለህ?" ብለው ተቆጡ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ካሸነፍን ለእርስዎም ደስታ ነው" አልኋቸው። ሳይወዱ ሳቁና ማኅተሙን መቱልኝ።

መንገድ ላይ

መሸንቲ ሳንደርስ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማም የለውም። ራሴ የሰፋሁትን የቡድናችንን አረንጓዴ ባንዲራ ታቅፌ ስቁነጠነጥ፣ ዳንግላ አድሮ የመጣ ሌላ አውቶቡስ አጠገቤ ቆመ። የደብረ ማርቆስ ተጫዋቾች ነበሩ! እየሳቁ አስገቡኝ፤ ዳቦና ሙዝ ሰጡኝ። ስጠላቸው የኖርኋቸው ሰዎች እንዲህ ደግ ሆነው መገኘታቸው አናደደኝ።

አፌ አያርፍምና ከአንድም ልምምድ እንደማልቀር ጉራዬን ነፋሁ። አምበላቸው ይህን ሲሰማ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እስቲ ንገረኝ፣ በረኛችሁ የሚሳነው በየት በኩል ነው?"

አውቃለሁ። ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ወደ ግራው መወርወር ይፈራል።

"አልነግርህም" አልሁት።

"እንግዲያው ውረድ። በእኛ አውቶቡስ የሚሳፈር የእኛ ነው።"

ቀሪው መንገድ ለእግረኛ ሩቅ ነው፤ ጨዋታው ሊያመልጠኝ ነው። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ። ልዋሸው አሰብሁ፤ ግን በቡድኔ በረኛ መደራደሩ ራሱ ቀፈፈኝ። ወረድሁ።

ሜዳው

ጥቂት በጋሪ፣ የቀረውን በሩጫ ሄድሁ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ስደርስ ጨዋታው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ አንድ ለዜሮ እየመራን ነው። ገና ትንፋሼ ሳይመለስ ዳኛው ሪጎሬ ሰጠብን። መቺው ያው አምበል ነው! ከጎሉ ጀርባ ከነባንዲራዬ አየኝና ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ዓይኔ እንዳያሳብቅ ፈርቼ ጨፈንሁት።

ሜዳው በጩኸት ሲናወጥ ገለጥሁ። በረኛችን ወደ ቀኙ ተወርውሮ ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፏታል። ዋንጫው የእኛ! ጮህሁ፣ አለቀስሁ፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሳምሁ።

አመሻሹን ከደጋፊው ጋር እየዘፈንን ጣና ዳር ወረድን። የቆሳሰለ እግሬን ውኃው ውስጥ ነክሬ ሳለ፣ አንዲት ዓሣ ጠባሽ ባንዲራዬን አየችና፣ "አንዱን በነፃ ብላ፤ ሁለተኛውን ግን ትከፍላለህ" አለችኝ። ሁለት በላሁ።

መመለሻ

በማግስቱ መንገድ ዳር ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ያው የደብረ ማርቆሶች አውቶቡስ መጣ። አምበሉ በሩን ከፈተ።

"ግባ።"

"የእናንተ አይደለሁም እኮ!"

"ግባ አልሁህ! እንዲህ ያለ ደጋፊ እኛም በኖረን።"

ባንዲራዬን በመስኮት እያውለበለብሁ መራዊ ደረስሁ። ስወርድ እጄን ያዘና፣ "አሁንማ አለቀ፤ በየት በኩል ነበር?" አለኝ።

"ከርሞ አትመጡም?"

"እንመጣለን እንጂ!"

"እንግዲያው አልነግርህም።"

አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ቤት ስገባ ሚስቴ፣ "ክሩስ?" አለችኝ። ረስቼዋለሁ። ቡድን መውደድ መጮህ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም ማለትም እንደሆነ በዚህ ጉዞ ተማርሁ። ለእኔ ዓይነቱ ለፍላፊ ከሩጫው የከበደውም እሱ ነው። ለሚስቴ እንኳ በየት በኩል እንደሆነ አልነገርኋትም። እዚህ የጻፍሁትም በረኛችን ዘንድሮ ኳስ ስላቆመ ነው።