ቀዩ ክዳን ይቀድማል

ባለቤቴ ደም ቀጂ ነበረች። ሕመምተኞቹ «እጀ ቀላሏ» ይሏት ነበር፤ መርፌው ገብቶ ሲወጣ አይታወቃቸውም። ሙያውን የተማረችው በቀድሞው የላቦራቶሪ ኃላፊ ጎን ቆማ፣ እያየች ነው። ታናሽ እህቷን ሚጢንም እሷው ናት ያሠለጠነቻት፤ ሳሎናችን ውስጥ የእኔን ክንድ በላስቲክ አስራ። «ደም ሥሩን ዳስሺው። ሲነኩት የሚነጥረው እሱ ነው» ትላታለች። ክንዴ በልዞ ሲያድር ሁለቱም ይስቁብኝ ነበር።

ሚጢ በዚያ አላቆመችም። የማታ ተማረች፤ የብቃት ምዘናውን ተፈተነችና አለፈች። ሰርተፍኬቷንም በፍሬም አስገብታ የደም መቅጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ከባለቤቴ ወንበር ፊት ለፊት።

«ምስማሩን እንኳ የያዝኩላት እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ ማታ፣ ካልሲዬን እየጠቀመች።

«ታዲያ ደስ አይልሽም? እህትሽ እኮ ናት።»

«ደስ ብሎኛል አልኩህ!» ካልሲውን ወረወረችብኝ።

ደስ አላላትም። ወደ ሚጢ ወንበር የሚሄደውን ሕመምተኛ ሁሉ በዓይኗ ትሸኛለች። የሚጢ ጋዋን ይበልጥ የነጣ ስለሚመስላት የራሷን ደጋግማ ታጥባለች። ክፍሉን ስትወለውል የፍሬሙን ጠርዝ ጠርጋ መስታወቱን ከነአቧራው ትተወዋለች።

አንድ ጠዋት ሚጢ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ክዳን ያለውን ቲዩብ አታስቀድሚ። ውስጡ ያለው መድኃኒት በመርፌው ወደ ቀይ ክዳኑ ቲዩብ ይሻገርና በእሱ የሚለካውን የፖታሲየም ውጤት ያለቦታው ከፍ ያደርገዋል» አለቻት።

ባለቤቴ ወይን ጠጁን የምታስቀድመው ደሙ ሳይረጋ ቶሎ መገላበጥ ስላለበት ነው። ያስተማራት አለቃዋም እንደዚያ ያደርግ ነበር።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» አለች፣ ሕመምተኛው እየሰማ። «ያን የሚንቀጠቀጥ እጅሽን ማን እንዳቀናው ረሳሽው?»

ብዙም ሳይቆይ ማሳሰቢያ ተለጠፈ። ሰርተፍኬት የሌለው ሠራተኛ ከመጪው ዓመት ጀምሮ መርፌ አይዝም፤ ወደ ካርድ ክፍል ይዛወራል። ባለቤቴ ያን ቀን ራቷን አልበላችም። ወንበሯን ልታጣ ነው፤ ሚጢ ደግሞ ልትቀመጥበት።

«የፈተናውን መጽሐፍ ከእሷ ተዋስልኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «ለራሴ ነው በላት።»

ሚጢ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ አንተም ደም ልትቀዳ ነው?»

«ያ ሁሉ ሲወጋ የከረመ ክንድ ትንሽ ይማር ብዬ ነው» አልኳት። ስቃ ሰጠችኝ።

ባለቤቴ ማዕድ ቤት ተቀምጣ ታነብ ጀመር። አንድ ምሽት ስለ ቲዩቦቹ ቅደም ተከተል የሚያወራው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አቆመች።

«ልክ ናት» አለች። «አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሐኪሙ ከፍ ያለውን የፖታሲየም ውጤታቸውን አላምን እያለ መልሶ መላልሶ ይልካቸዋል። እሱ ማሽኑን ይራገማል፤ እሳቸው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። የምወጋቸው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ቀዩን አስቀደመች። ለሚጢ ግን ምንም አላለቻትም።

ተፈተነች። ውጤቱ የወጣ ቀን በሩ ላይ ጠብቄ፣ «አለፍሽ?» አልኳት።

«እሷ ስንት ነበር ያመጣችው?»

አልፋለች፤ ሚጢ ግን በትንሽ ትበልጣታለች። ወንበሯን አላጣችም። ፍሬሟን የሰቀልኩላት እኔ ነኝ፤ ከሚጢ ፍሬም በጣት ያህል ከፍ እንዲል ታዝዤ።

ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ ታማ ስትተኛ ከሚጢ ሌላ ማንም ደም እንዲቀዳት እሺ አላለችም። አንድ ቀን ሚጢ ልታስቃት ፈልጋ ይመስለኛል፣ ወይን ጠጁን ቲዩብ አስቀድማ አነሳች። ባለቤቴ በዚያ በደከመ እጇ መታ አደረገቻት።

«ቀዩን፣ አንቺ! ፍሬምሽን አስወርደዋለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

መርፌው ገብቶ ወጣ።

«ቀዳሽ?» አለች ባለቤቴ።

«ጨረስኩ እኮ።»

ባለቤቴ ክንዷን አየች፤ ከዚያ ቲዩቦቹን።

«እጅሽ ከእኔ ቀሏል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።