ያለ ሙጫ የታሸገው ሳሙና

አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባው ሽታዋ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ሠርታለች፤ ልጅ ሳለሁ ያቀፈችኝ ቀን ሁሉ ገላዬን የታጠብኩ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶቹ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገና ከቅርጹ የወጣውን ሳሙና በወፍራም ቢጫ ወረቀት በእጃቸው ይጠቀልሉ ነበር። ሙጫ የለም፣ ክር የለም፤ ወረቀቱ ራሱን በራሱ ይቆልፋል። ይህን ስታወራኝ እጆቿ ጭኗ ላይ አብረዋት ያወሩ ነበር።

ከዚያ የላስቲክ ማሽኑ መጣ። ጠረጴዛው ተነሳ፣ ሴቶቹም ተበተኑ። አክስቴ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ጥቅል ላስቲኩ ሲያልቅ የምትቀይር ሆነች። «ዘበኛ ነኝ፤ ዱላ ብቻ ነው የሚጎድለኝ» እያለች ትቀልድ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ጡረታ ልትወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ፋብሪካው ላስቲኩን ሊተው አሰበና አንድ ወጣት ዲዛይነር ቀጠረ። ልጁ ዓይን የሚስቡ የወረቀት መጠቅለያዎች ሠራ። ችግሩ ግን አዲስ ሳሙና ያልበዋል፤ ላቡ ሙጫውን ያላቅቀዋል፤ ካርቶኑ ሲከፈት ግማሹ ሳሙና ራቁቱን ይገኛል። ሥራ አስኪያጁ ቀን ቆረጡ፦ የማይፈታ መጠቅለያ እስከ አርብ ካልተገኘ ላስቲኩ ይቀጥላል።

አክስቴ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ያለ ሙጫ ነበር የምናሽገው» አለችው።

ዲዛይነሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እንዴት አድርገው?»

«እጄ ያውቀዋል።»

ስልኩን አስተካክሎ መቅረጽ ጀመረ። አክስቴ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ሳሙናውን መሃል አስቀመጠች። አንድ አጠፈች፣ ሁለት አጠፈች። ሦስተኛው ላይ እጇ ቀጥ አለ።

«ቀስ ብለው፣ እማማ። አንድ በአንድ ያሳዩኝ።»

ቀስ ባለች ቁጥር ባሰባት። ሳሙናው በጥጉ ብቅ ብሎ የሚያሾፍባት ይመስል ነበር።

ያን ዕለት ልጠይቃት ስሄድ የድሮ ጋዜጣ ቆራርጣ ስታጥፍ አገኘኋት።

«ከዳኝ» አለች እጇን እያየች። «ያን ሁሉ ዘመን ያበላኝ እጅ። አሁን እኔ ስወጣ የሚያውቀውን ይዞ አብሮኝ ሊወጣ ነው።»

አጠገቧ ተቀምጬ «ያኔ ጠረጴዛው ላይ የነበረ፣ አሁን የሌለ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

አሰበች። ድንገት ቀና አለች። «ሬዲዮ ነበረቻ!»

ሬዲዮ ፊት ለፊቷ ትቀመጥ የነበረች የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ ስሙ የወጣላት ከጠዋት እስከ ማታ አፏ ስለማያርፍ ነው። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። ሐሙስ ዕለት ደግፌ ፋብሪካው ድረስ ወሰድኳት። ዲዛይነሩ ግራ ገብቶት ወረቀትና ሳሙና ይዛ ከተቀመጠችው አክስቴ ፊት ለፊት ወንበር አቀረበላት፤ ስልኩንም እንደገና ለመቅረጽ አስተካከለ።

«ይሄ ነው አለቃሽ? ጢም እንኳ አላበቀለም እኮ!»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ! ለመሆኑ ያ የሚዛን ክፍሉ ሰውዬሽ የት ደረሰ?»

«የማን ሰውዬ?»

«ያንቺ ነዋ! ሳሙና ልመዝን ብሎ መጥቶ አንቺን መዝኖ የሚሄደው።»

«ውሸታም! አንቺን ነበር የሚያየው!»

«እኔንማ አይቶ ቢሆን ዛሬ ጉልበቴን የሚያሽልኝ ሰው ባላጣሁ ነበር!»

አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። ያኔ ነው ዓይኔ ወደ ጠረጴዛው የወረደው። ስድስት ሳሙናዎች ታሽገው ተደርድረዋል፤ ሰባተኛው እጇ ላይ ነው። መቼ ጀመረች? እኛም አላየናት፣ እሷም ራሷን አላየች። ዲዛይነሩ ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ በእጁ ያዘው። ሬዲዮ ግን ወደ ቀጣዩ ሐሜት ተሻግራለች።

ቪዲዮው ቀስ ብሎ ሲታይ ምስጢሩ ወጣ። ሦስተኛው እጥፋት ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ሥራ ይዘው ሳሉ፣ ትንሿ ጣት ከሥር ሾልካ የወረቀቱን ጥግ ወደ ውስጥ ትወሽቃለች። አክስቴ አፈጠጠች።

«እሷን እኮ አላውቃትም ነበር» አለች ስለ ገዛ ጣቷ።

አርብ ጠዋት የሐሙሶቹ ሳሙናዎች ያደሩበት ካርቶን ተከፈተ። ሳሙናዎቹ አልቧቸዋል፤ አንዱም ግን አልተፈታም። ሥራ አስኪያጁ አንዱን አንስተው ወለሉ ላይ ጣሉት። ነጠረ እንጂ አልተከፈተም። ያን ቀን ላስቲኩ ቀረ።

በቅርቡ ያንን ሳሙና፣ አሁን የእሷን እጥፋት ማሽን የሚያጥፍለትን፣ ከሱቅ ገዝቼላት ሄድኩ። አገላብጣ አየችው።

«ማሽኑ ጥጉን አላልቶታል።»

«ይይዛል እኮ፣ አክስቴ።»

«መያዙንስ ይይዛል። ምስኪን፣ ማን ያጫውተው?»

ፈታችው። ያ የልጅነቴ ሽታ፣ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባው፣ ክፍሉን ሞላው። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ «እስቲ አንድ ወሬ አውራኝ» አለችኝ።

ትንሿን ጣት ዛሬስ አያታለሁ ብዬ ዓይኔን ተክዬ ጀመርኩ። ወሬው ግን ጣፈጠን፤ ቀና ስል ሳሙናው ታሽጎ መዳፌ ላይ ተቀምጧል።