በዶሮ ነገር የተደፈነች በር

ባለፈው ማክሰኞ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀት ይዞ በሬን አንኳኳ። «እትዬ ስንዱ፣ እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልን» አለኝ። ምድር ቤት የተከራየችው ልጅ፣ ከድሬ ጠያራ የመጣችው፣ ከደረጃው ሥር ስድስት ዶሮ ታረባለች። ይሸታል፣ አውራ ዶሮዋ ጎሕ ሳይቀድ እየጮኸ ሰው ይረብሻል፣ በመኖሪያ ሰፈር ዶሮ ማርባት ደንብ አይፈቅድም ተብላ ተከስሳለች፤ ሐሙስ ወረዳ ትቀርባለች። ከእኔ የሚፈለገው «ምስክሮች» ከሚለው ቃል ሥር ስሜን ማስፈር ብቻ ነበር። ያቺን ቃል ሳያት ክው አልኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ «ነገ ልስጥህ» አልኩና በሩን ዘጋሁበት።

የልጅ ልጅ ያየች ሴት የዶሮ ክስ ትፈራለች? እኔ እፈራለሁ። ምክንያት አለኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ነው፤ እዚሁ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል በምትወርድ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ዳር ተከራይተን እንኖር ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ ኢድሪስ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ረምላን የሚያሳድጉት እሳቸው ነበሩ፤ እናትና አባቷ ድሬዳዋ ናቸው። የእሳቸውን ግቢና የእኛን ግቢ በሚለየው ግንብ ላይ አንዲት ትንሽ በር ነበረች። የጥንት ሰዎች ሴቶች መንገድ ሳይወጡ እንዲጠያየቁ ብለው የተዉአት ናት፤ ጎንበስ ካላሉ አታሳልፍም። መቀርቀሪያዋ በሁለቱም በኩል ስለሆነ ከወዲህና ከወዲያ ሁለት ሰው ካልተስማማ አትከፈትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እማዬ ሐረር ስንመጣ ዘመድ የለኝ ወገን የለኝ እያለች አንድ ዓመት ሙሉ አልቅሳለች። ዶሮ ማርባት ስትጀምር ግን ሳቋ ተመለሰ። ለእያንዳንዷ ስም አውጥታላት ነበር፤ ስትቆጣቸው የሰማ ልጆቿን የምትቆጣ ይመስለው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ሁለቱ በዚያች በር ሾልከው ሐጂ ቤት ገቡ። ሐጂ ለሰላት የሚሆን ንጹሕ ቦታ ላይ ቀልድ አያውቁም። «ነጃሳ አገቡብኝ!» አሉ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። እማዬም በሰው ፊት ቃል ገባች፦ «ከእንግዲህ ከእኔ ወገን ይህች በር ብትከፈት፣ ዶሮዎቹን አንድ ሳይቀር ከግቢዬ አወጣለሁ!» በሯም ከሁለቱም ወገን ተቀረቀረች።

እኔና ረምላ ግን መላ አናጣም። እሷ ሒሳብ ታስረዳኛለች፣ እኔ አማርኛ አግዛታለሁ፤ ፈተና ደርሷል። ሦስት ጊዜ ግንቡን ቆርቆር ታደርጋለች፣ በየወገናችን መቀርቀሪያውን እንስባለን፣ ደፉ ላይ ተቀምጠን እናጠናለን። ማጥናቱስ ሰበብ ነው፣ ወሬ ነበር የሚበዛው።

የዚያን ቀን ሚያዝያ ነበር፣ ሲያካፋ የዋለበት። ረምላ ገና ያልበረደ ሐልዋ በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። ጣታችን እየተጣበቀ፣ ሰሊጡን ከጥርሳችን እየለቀምን ስንስቅ፣ እማዬ «ስንዱ! ልብሱን ከዝናብ አንሺ!» ብላ ተጣራች። እኔ ወደ ልብሱ ሮጥኩ፣ ረምላ ሐልዋዋን ይዛ ወደ ቤቷ። እኔ በሩን እሷ ትዘጋዋለች ብያለሁ፤ እሷም እንደዚያው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት በፊት የሐጂ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። «አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህ!» ከፋሲካ ቢላዋ የተረፉት አራት ዶሮዎች በጭቃ እግራቸው መደቡ ላይ ወጥተው፣ ምንጣፉን ረግጠው፣ የቀረውንም አድርገው፣ አንዷማ ጭራሽ መስገጃቸው ላይ እንቁላል ጥላለች።

በሦስተኛው ቀን ከቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። እማዬ ተከሳሽ፣ እኔና ረምላ ምስክር። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ «ሰው አገር ተቀምጦ ክስ!» ብሎ ራሱን ያዘ። እማዬ ግን ኮራ ብላ «እኔ በሩን አልከፈትኩ፣ ልጄም አትከፍትም። ምን ያስፈራኛል?» አለች። ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። እውነቱን ካወጣሁ ዶሮዎቿ መሄዳቸው ነው፣ እሷም በሽማግሌ ፊት ቃሏን የበላች ልትባል ነው። ካላወጣሁ ደግሞ መጽሐፍ ይዤ ልዋሽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመስኩም ብል ማጋነን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከደጀ ሰላሙ አላልፍ አልኩ።

የቀጠሮው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ የዶሮ ክስ ማን ይቅርበት? ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ሐጂ ተነሱ። ከኪሳቸው መሐረብ አወጡና ፈተው እንቁላሏን አሳዩ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ እማዬ ዞረው «ልጄ፣ ይህ ያንቺ ሐቅ ነው። እኔ የሰው ሐቅ ቤቴ አላሳድርም» ብለው በሁለት እጃቸው ሰጧት። እማዬ ተቀብላ አንገቷን ደፋች። እኚህን ሰው ነው እንግዲህ የምዋሸው።

ረምላ ተጠራች። ለመሐላው ውዱእ አድርጋ፣ ታጥባ መጥታለች፤ የሻሿ ጫፍ ገና እርጥብ ነው። ቁርኣን ይዛ ማለች።

«በሩን ማን ከፈተው?» አሉ መሐል ዳኛው።

«እኔ።»

«በወይዘሮዋ በኩል ያለውንስ መቀርቀሪያ?»

ወደ እኔ አላየችም። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ግንቡን ዘልዬ እሱንም እኔ ከፈትኩት» አለች።

አዳራሹ ተንሾካሾከ። የሐጂ ኢድሪስ የልጅ ልጅ ግንብ ዘለለች! ሐጂ አንገታቸውን ደፉ፣ ጣታቸው በመቁጠሪያቸው በሙስበሐው ላይ ቆመ። ስሜ ሲጠራ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። እጄን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አሳርፌ ማልኩ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉ ዳኛው። «ማን ይናገር የነበረ ነው። ይህች ልጅ ግንቡን ዘላ ስትከፍት አይተሻል?»

እማዬ እንቁላሏን እንደያዘች ታየኛለች። ረምላ መሬት መሬት ታያለች። እውነቱን ብናገር እማዬን ላዋርድ፣ ረምላንም ቁርኣን ይዛ ዋሸች ላሰኝ ነው እያልኩ ለብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። ውሸት ነው። በዚያች ደቂቃ ስለ ማንም አላሰብኩም። ፈራሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

«አዎ» አልኩ፣ «አይቻለሁ።»

ተፈረደ፦ ዶሮዎቹ በግቢያቸው ተጠብቀው ይኑሩ፣ በሯ በድንጋይና በጭቃ ትደፈን። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ማታ ሐጂ የመለሱላትን እንቁላል ጠብሳ «በይ የኔ ጀግና፣ ብዪ» ብላ አቀረበችልኝ። ሳህኑን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ። እማዬ እስክትሞት ድረስ ስለዚያች በር አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ለምን እንዳልጠየቀች ሳስበው እስከ ዛሬ ይጨንቀኛል።

ቅዳሜ ግንበኛው መጣ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደረድር ልብስ የማጥብ መስዬ አጠገቡ ዋልኩ። አንዲት ድንጋይ የምታህል ቀዳዳ ስትቀረው ጭቃ ሊያቦካ ሄደ። ያን ጊዜ ከወዲያ ግንቡ ሦስት ጊዜ ቆርቆር አለ።

«ስንዱ።»

«ወዬ።»

«አያቴ ነገ ድሬዳዋ እናትሽ ጋ ሂጂ ብለውኛል። ግንብ የምትዘል ልጅ ቤቴ አላስቀምጥም አሉ።» ድምፅዋ ቆረጥ ቆረጥ ይል ነበር። «ፈርተሽ ነው አይደል? አውቃለሁ። አይዞሽ።»

ማሪኝ ልላት አፌን ስከፍት ግንበኛው ተመለሰ። «ዞር በይ፣ ጭቃ እንዳይነካሽ» ብሎ ድንጋዩን ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ረምላን አላየኋትም። ግንቡን ግን አየዋለሁ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ ልየው ብዬ አዲሶቹን ተከራዮች እለምናለሁ። የተደፈነችው ቦታ ኖራው ቢቀባባም መልኳ ዛሬም ይለያል።

ረቡዕ ጠዋት ሰብሳቢው ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። እንዳለ ሰጠሁት። «አልፈረሙም እኮ» አለኝ። «አልፈረምኩም» አልኩት።

ከዚያ ደረጃውን ወርጄ ምድር ቤት አንኳኳሁ። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ፊቴን ሳታይ ዓይኗ ወደ እጄ ሄደ፣ ወረቀት ይዤ እንደሆነ ልታይ።

«እማማ፣ እርስዎም ፈረሙብኝ?»

«ልጄ፣ አውራ ዶሮ አለሽ?»

«ኧረ ወላሂ የለኝም! ስድስቱም ሴት ናቸው።»

«አውቃለሁ። እኔ በላይሽ ነው የምኖረው፤ ሲጮኽ አንድ ቀን አልሰማሁም። ሐሙስ አብሬሽ ሄጄ ይህንኑ እመሰክራለሁ። መሽተቱን ግን ይሸታል፣ ከጠየቁኝ እሱንም እናገራለሁ፤ አታኩርፊኝ።»

ሳቅ አለችና መልሳ ፊቷ ጭምትርትር አለ። «እማማ፣ እኔ ዳኛ ፊት ቆሜ አላውቅም። እፈራለሁ።»

«አይዞሽ» አልኳት። ከግንቡ ወዲያ የሰማኋትን ቃል አውጥቼ ለሰው ስሰጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ደረጃውን ለመውጣት የብረቱን መደገፊያ ያዝኩ፤ እኔም እንደዚያን ጊዜው ፈርቼ ነበር።